ለሳንባ ሕመምተኛ «ይራመዱ» ማለት ብቻ አይበቃም

ሥር የሰደደ የሳንባ መቆጣት ስላለባቸው ሰዎች የወጣ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሕመምተኞቹ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ መምከሩ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ አጀማመሩን አለመግለጹ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለምንኖር የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ትልቅ ጉድለት ይመስለኛል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ መውጣት ለጤነኛውም ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት ስለሆነ (የመኪናው ጭስ ሳይቆጠር)፣ ጀማሪው ሜዳማ ስፍራ መርጦ ጥቂት ደቂቃ እየተራመደና በየመካከሉ እያረፈ ቢለማመድ ይሻለዋል። ልምምዱ የተጎዳውን ሳንባ አያድስም፤ የሚያጠነክረው፣ ሕመምተኛው ትንፋሽ እንዳያጥረው ፈርቶ ከእንቅስቃሴ በመራቁ የሰለሉትን የጭንና የባት ጡንቻዎች ነው፤ የጠነከረ ጡንቻ ደግሞ ያንኑ ሥራ በአነስተኛ ትንፋሽ ስለሚሠራ፣ ደረጃ መውጣቱም ገላ መታጠቡም ይቀላል። ስለዚህ ከወንበር እየተነሡ መቀመጥን የመሰለ ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ ከእርምጃው ጋር አብሮ ሊታዘዝ ይገባል። ለሳንባ ሕመምተኞች የተለመደው የልምምድ መርሐ ግብር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን እየተሠራ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል፤ መሻሻሉም በ6 ደቂቃ ውስጥ በሚራመዱት ርቀት ይለካል። ከመጀመር በፊት ሐኪም ማማከር፣ የታዘዘ ኢንሄለር (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት መንፊያ) ካለም ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፤ የደረት ሕመም ወይም ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ማቆም አለበት።