ዶላር በሁለት በር ነው የሚገባው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ብዙዎቻችን ደንግጠን ነበር። በዋዜማው በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት 74 ብር ገባ። በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ዋጋም በዚያው ልክ የሚሰቀል መስሎን ነበር። አልሆነም። በሰኔ 2016 ወደ 20 በመቶ ይጠጋ የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት፣ ከዓመት በኋላ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ።

ለምን? መልሱ መርካቶ ነው ያለው። ባንክ ወረፋ ይዞ ዶላር ያጣ አስመጪ ከጥቁር ገበያ ይገዛ ነበር። እዚያ ደግሞ ዶላሩ መቶን ካለፈ ቆይቶ ነበር። ስልኩም፣ የመኪና ጎማውም፣ ልብሱም በዚያ ዋጋ ተተምኖ ሲሸጥ ነው የከረመው። ምንዛሪው ሲለቀቅ የባንኩ ዋጋ ነው ሱቁ ዋጋ ላይ የደረሰው። ብሔራዊ ባንክም ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የባንኮችን ብድር ገድቦ ስለነበር፣ ዋጋ የሚያንር ብር እንደልብ አልተገኘም።

የመጀመሪያው በር ጥቁር ገበያ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው በር፣ ባንኩ ነው። ነዳጅና ማዳበሪያ በባንክ ዶላር ነበር የሚገቡት። ለእነሱ ለውጡ እውነተኛ ነው። መንግሥት በድጎማ ያዝ አደረጋቸው፤ የነዳጁን ግን ቀስ በቀስ እየለቀቀ መጣ። ናፍጣ በጨመረ ቁጥር የጭነት መኪና ኪራይ ይጨምራል። ከጎጃም የሚመጣ ጤፍ ከዶላር ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በመኪናው በኩል ተገናኘ። ማዳበሪያውማ ክረምት ላይ ተበትኖ፣ ዋጋው ገበያ የሚወጣው ከመኸር በኋላ ነው። የምንዛሪ ለውጥ ጓዳ እስኪደርስ ዓመት ቢፈጅ አይገርምም።

ደግሞ ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። አምና 1000 ብር የተገዛው አስቤዛ፣ በ14 በመቶ ግሽበት ዘንድሮ 1140 ብር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ቢያንስ የደመወዝ ጭማሪ አይቷል። በግል ድርጅት የተቀጠረችው የልብስ ስፌት ሠራተኛስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። የደመወዝ ወለል ግን እስካሁን አልወጣላትም። ለምንዛሪው የተገኘው ድፍረት ለዚህም ይገኝ። ድጎማው የሚነሳበትም ጊዜ ቀድሞ ይነገራት፤ የወር ወጪዋን የምታሰላው እሷ ናት።