ጉርሻ ሳልጎርስ ጉርሻ

ጋሼ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ አትላንታ የገቡት በሰሙነ ሕማማት ነበር። ስለዚህ አሜሪካ የተቀበለቻቸው በሽሮና በምስር ነው። «ለዚህማ ቪዛ ምን አስፈለገኝ?» አላሉም። ጋሼ ሰው አያስቀይሙም። ውሸትም አይናገሩም። ሁለቱን እንዴት አብረው እንደሚያስኬዱ አላውቅም፤ ግን ያስኬዱታል።

ፋሲካ አለፈ። ዶሮውም በጉም ተበላ። በሳምንቱ ቅዳሜ አፌ አላርፍ አለና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ የአሜሪካን ደቡብ ባርቤኪው ላብላዎት። ሥጋው በእንጨት ጭስ 14 ሰዓት ሙሉ ነው የሚበስለው!» አልኳቸው። የተደነቁ መስሎኝ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ ቤት ቆመው ጥሬውን ሲቆርጡ የኖሩ ሰው እንደሆኑ ረስቼዋለሁ።

«14 ሰዓት? በሬው ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

ሄድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ጋሼና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጓደኛዬ። ሰልፉ በር ድረስ ደርሷል። ሰልፍ ካለማ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ። የቀበሌ ዘይት ሰልፍ አይቶ ያደገ ሰው እንዲህ ማሰብ አልነበረበትም።

ጓደኛዬ የደቡብን አውራ ጎዳና ሁሉ ያውቀዋል። ወረፋ ስንጠብቅ ለጋሼ ያስረዳቸው ጀመር። ባርቤኪው እንደየአገሩ ነው። በሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል ኮምጣጤና በርበሬ ያደርጉበታል። ደቡብ ካሮላይና የሰናፍጭ ስጎ አላቸው። ሜምፊስ የአሳማ ጎድን በደረቅ ቅመም ታሽቶ ነው። የበሬ ፍርምባ ከፈለጉ ግን ቴክሳስ ነው። እዚያ የጀርመንና የቼክ ስደተኞች ልኳንዳ ከፍተው፣ ሥጋውን በጭስ እያበሰሉ በሚዛን መዝነው በወረቀት ይሸጡ ነበር። ገዢውም እዚያው ይበላዋል።

የጋሼ ፊት በራ። «ታዲያ ይሄማ ሥጋ ቤት በለኛ!»

«አዎ ጋሼ፣ ቴክሳስ።»

«እዚህስ? ጆርጂያ?»

«እዚህማ ባብዛኛው አሳማ ነው።»

ሁላችንም ዝም አልን። አራት ኦርቶዶክሶች በአሳማ አገር ፍርምባ ሊበሉ ተሰልፈዋል። ያኔውኑ ዞረን መመለስ ነበረብን። ግን 40 ደቂቃ ቆመናል። 40 ደቂቃ የቆመ ሐበሻ ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም።

ተራችን ደረሰ። ጋሼ ብልቱን ለመምረጥ አንገታቸውን አሰገጉ። «ከታላቅ፣ ከታናሽም አድርግልኝ፤ ጮማ ጣል አድርግበት፤ ሽንጥ ካለው ይጨምር በለው» አሉኝ። እኔም፣ «ሁለት ፓውንድ ብሪስኬት» ብዬ ተረጎምኩት። የበሬ ጎድን ጠየቅሁ። አልቋል። የበሬ ቋሊማ። እሱም አልቋል። ከፍርምባው ሌላ ያላለቀው አሳማ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ። ጓደኛዬ ካርዱን መዘዘ። እኔም መዘዝኩ። «ሞቼ ነው ቆሜ!» «በእናትህ ተው!» «እንግዳው የኔ ነው!» ትንሽ ተገፋፋን። ኋላችን ያለ አንድ ሽማግሌ የእውነት ልንደባደብ መስሎት አንድ እርምጃ ሸሸ።

የሒሳብ ግብግባችን የተሠራው እኮ ከተበላ በኋላ ለሚከፈልበት አገር ነው። ሰው ጠግቦ፣ ምን እንደቀመሰ አውቆ ነው የሚታገለው። እዚህ በቅድሚያ ስለሚከፈል በጭፍን ትፋለማለህ። አሸነፍኩ። 118 ዶላር።

ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። 18 በመቶ፣ 20 በመቶ፣ 25 በመቶ። እሷ ጣሪያውን ታያለች።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ።

«ጉርሻ ነው የሚጠይቀው።»

«ሳንጎርስ?»

ኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ጣቴን የሚያይ መሰለኝ። 20ውን ነካሁ። ሰው ያየዋል ብለን የምንሰጠው ገንዘብ ቢደመር ስንት ቤት ይሠራ ነበር!

ቁጥራችን ተጠራ። ሳህን የለም። ወረቀት የተነጠፈበት ትሪ፣ የፕላስቲክ ሹካ፣ አንድ ጥቅል የእጅ መጥረጊያ ወረቀት። ፍርምባው ጫፉ እንደ ትናንት እንጀራ ተጣጥፏል። ዳር ዳሩ ላይ ሮዝ ቀለበት አለው።

«ይሄ ጥሬ ነው?» አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ውስጥ ተስፋ አለ።

«አይ፣ ጭሱ ያመጣው ቀለም ነው። በስሏል።»

ተስፋው ከፊታቸው ላይ ሲሄድ አየሁት።

አንዴ ጎረሱ። ረጅም ጊዜ አኘኩ። «ቋንጣ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «ቋንጣስ በርበሬ አለው» አለች ባለቤቴ።

ለፍትሕ ያህል፣ ጥሩ ፍርምባ አውቃለሁ። በእርጋታ የበሰለ፣ ያረፈ፣ ፊትህ የተቆረጠ ፍርምባ በጣት ይበጠሳል፤ ጮማው እንደ ቅቤ ይቀልጣል። አንዴ ከተቆረጠ ግን ቶሎ ይደርቃል። የኛ መቼ እንደተቆረጠ የሚያውቀው እሱ ራሱ ብቻ ነው።

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ስጎዎቹ አዞሩ። አንዱ ጠርሙስ ቢጫ ነው። «ሰናፍጭ!» አሉ፣ የአገር ሰው እንዳገኘ። ቀመሱት። ስኳር ነው። ነጩ ደግሞ የአላባማ ነው፤ ማዮኔዝ በኮምጣጤ። እሱን እንኳ አልነኩትም። ሻዩ ከብርዝ ይጣፍጣል። የበቆሎ ዳቦውን ባለቤቴ ቀምሳ «የማን ልደት ነው?» አለች።

ያዳነን የመሰለው ጎመኑ ነበር። እውነተኛ ጎመን፣ የራሳችን ጎመን! ባለቤቴ አንድ ማንኪያ ወደ አፏ ልታደርስ ስትል ጓደኛዬ እጇን ያዘ።

«ጎመን በሥጋ ነው።»

«ይሁና፣ ተፈስኳል አይደል?»

«ሥጋው የአሳማ ቁርጭምጭሚት ነው።»

ማንኪያው ተመለሰ። ጎመን በጤና ሲባል የሰማሁት ሌላ ጎመን ነው። ባቄላውም ውስጥ አሳማ አለ። ከ55 ቀን ጾም በኋላ፣ በፍስክ ቅዳሜ፣ በ118 ዶላር ድንች ሰላጣ ስንበላ ተገኘን።

ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፈተች። የሐበሻ ሴት ቦርሳ ውስጥ ሊፕስቲክ ሊጠፋ ይችላል። ሚጥሚጣ አይጠፋም። ፍርምባው ላይ ነሰነሰችው። አሁን ደረቅነቱ አልተሰማንም፤ ምላሳችን ሌላ ጉዳይ ላይ ነው። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። በሒሳቡ የተሸነፈ ሰው እንዲህ ደስ ብሎት አይቼ አላውቅም።

በዚህ መሐል አንዲት አስተናጋጅ መጣች። ሁሉ ነገር እንዴት ነው? አለችን።

«ግሩም!» አልን ሦስታችን ባንድ ድምፅ። አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ አምተን በእንግሊዝኛ አመሰገንን። ጋሼ ግን ከመቀመጫቸው ብድግ እንደማለት ብለው፣ «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፤ እንጨቱም ጭሱም ብዙ ደክሟል» አሏት።

«ምን አሉ?» አለች።

«በጣም ጣፈጠኝ ነው የሚሉት።»

ቤት ስንገባ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ባለቤቴ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ጥብሱ 20 ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ከዚያ አዲስ አበባ ለእትዬ ደወሉ። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለሆነ ሁሉንም እንሰማለን።

«ልጁ የአሜሪካን ሥጋ አበላህ ወይ?» አሉ እትዬ።

ጋሼ አየት አደረጉኝ።

«አበላኝ እንጂ! እንዲህ ያለ ሥጋ በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም።»

«ታድለህ!» አሉ እትዬ።