አያቴን «ዝምታ» አሏት

ገና አሁን ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ፊደል ከሳትሁ ይቅር በሉኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ያቺን ሥዕል ታውቋታላችሁ። ካፌው ውስጥ ከቡና ማሽኑ በስተግራ የተሰቀለችው። አያቴ እንዝርቷን ይዛ። ሰባት ወር የፈጀችብኝ። እናንተው አይደላችሁ «መቼ ነው የምትጨርሳት» እያላችሁ ያደረቃችሁኝ? አዎ፣ እሷ። ዛሬ ኤግዚቢሽኑ ላይ አገኘኋት። ሸራ ላይ ታትማ፣ ጥቁር ፍሬም ገብታ። ከሥሯ ጽሑፍ አለ። «ዝምታ። ኦሪጅናል ፎቶ አርት። 15,000 ብር።»

ዝምታ! አያቴን! ሴትዮዋ እንኳን ስትፈትል ተኝታም ዝም ብላ አታውቅም። አንዲት ልቃቂት ሳትሞላ ሦስት ሰፈር አምታ ትጨርስ ነበር። ነፍሷን ይማረውና ይህን ብትሰማ ተነስታ በእንዝርቷ ትወጋው ነበር።

መጀመሪያ ግን ደስ አለኝ። እውነቴን ነው። ለሁለት ሰከንድ «ማን አምጥቶ ሰቀለልኝ» አልሁ። ከዚያ ፊርማዬን ፈለግሁ። ታች በቀኝ በኩል። የለችም። ተቆርጣለች። ግን የችኩል ቆረጣ ነው። ከ«ሠ» አንዲት እግር ቀርታለች። ምስኪን፣ ብቻዋን ቆማለች።

ልጁ እዚያው ነበር፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ እንግዳ እየተቀበለ።

«ይቺ ሥዕል የኔ ናት» አልሁት።

«ሥዕል አይደለም ጋሼ። ፎቶ ነው።»

ጋሼ! ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው! በራነቱ የዘር ነው፣ ስንት ጊዜ ልንገራችሁ።

«ፎቶው የምንድን ነው?»

«የግድግዳ።»

«ግድግዳው ላይስ ምን አለ?»

«ጋሼ፣ እኔ ያየሁትን ነው ያነሳሁት። ፍሬሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ላይቱን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። የዓይን ጉዳይ ነው።»

«እና ይቺ ምንድን ናት?» አልሁት፣ የ«ሠ»ን እግር በጣቴ እያሳየሁ።

ጎንበስ ብሎ አየ። በደንብ አየ። «ክር ናት» አለኝ። «ሴትዮዋ እየፈተሉ አይደል?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ስሜ ክር ሆነ። አዘጋጁ መጣና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ አታካብደው፣ አርት እኮ ነው» አለኝ።

ላይቱን አስተካክሏል። እሺ። በላዔ ሰብን ታውቁታላችሁ፣ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ላይ አለላችሁ። 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነው። የዚህ ልጅ ጥርኝ ውሃ ላይት መሆኑ ነው። እመቤታችን ታማልደው፣ እኔ አልችልም። ደግሞ ላይት የሚለው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? የካፌው አምፖል ነጸብራቅ ነው። አያቴ ግንባር ላይ አርፏል። ሴትዮዋን ፋኖስ አስመስሏታል።

ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ጥበቃው ሮጦ መጣ። «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው!» ዘወር ስል እውነትም ተለጥፏል። ለምን ብዬ አዘጋጁን ጠየቅሁት። «የአርቲስቶቹን መብት ለማክበር» አለኝ። ሳይስቅ።

ፎቶ ጠላሁ እንዳትሉኝ። ሥዕልን ፎቶ ማንሳት ራሱ ሙያ ነው። መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ካሜራው ፊት ለፊት ልክ፣ ቀለሙ እንዳይዋሽ፣ ነጸብራቅ እንዳይኖር። ለዚያ ከፍዬ አሠርቻለሁ፣ እጁ ይባረክ። ግን ያ ሁሉ ልፋት ፎቶ አንሺው እንዳይታይ ነው። በጎበዘ ቁጥር እሱ ይጠፋና ሥዕሉ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዮርክ ያለ ፍርድ ቤት ይህንኑ ነገር ብሏል። የቆየ ሥዕልን ልክ እንዳለ ያነሳ ፎቶ የራሱ ኦሪጅናልነት የለውም ብሎ። ያ ልጅ ጠዋት ጠዋት እየመጡ እሷን ቀና ብለው እያዩ ማኪያቶ የሚጠጡትን ሽማግሌ ከነሥዕሏ አንስቷቸው ቢሆን እኔው ራሴ ቡና እጋብዘው ነበር። ያ የሱ ነው። ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ማንሳት ግን ፎቶ ኮፒ ነው። ሰነድ ኮፒ የምታደርግልንን ልጅ ደራሲ ብለናት እናውቃለን?

ልጁ ደግሞ አንብቧል። አሜሪካዊው አርቲስት ሪቻርድ ፕሪንስ የሲጋራ ማስታወቂያ መልሶ ፎቶ አንስቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠለት አለኝ። እውነት ነው። ግን ማስታወቂያ መሆኑን ያላወቀ ሰው አልነበረም፣ ጨዋታው ራሱ እዚያ ላይ ነው። ሼሪ ሌቪን የምትባል አርቲስትም እ.ኤ.አ. በ1981 የፎቶ አንሺውን የዎከር ኢቫንስን ፎቶዎች ከካታሎግ ላይ አንስታ ሰቅላለች። ርዕሷ ላይ ግን የሰውየውን ስም ጻፈች። ስሙን! ክር አላለችውም!

ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ልወጣ ስል ከኋላዬ «እናንተስ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይደል እንዴ የምትገለብጡት?» አለኝ።

ዝም አልሁ። ምን ልበል? የቤት ኪራዬን በፍየል ቆዳ ላይ ጊዮርጊስን እየሳልሁ ነው የምከፍለው። ስንት ዘንዶ ገድያለሁ መሰላችሁ። መልሱ የመጣልኝ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ያቺ ምስለ ፍቁር ወልዳ የምንላት፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበት ሥዕል እኮ ከሮም የመጣች ናት። የጥንቶቹ ከኅትመት ላይ ነው ያዩዋት። ግን በእጃቸው ሣሏት። እጅ ደግሞ ይሳሳታል፣ ያፈነግጣል፣ ዓይኗን ያሰፋል። ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ የኛ ሆነች። ስማቸውንም ብዙዎቹ አልጻፉም። የሌላውን ስም ግን በመቀስ አልቆረጡም!

አገሩ ደግሞ ጎጃም ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር። ተማሪ የጓደኛውን ቅኔ የኔ ነው ብሎ መምህሩ ፊት ይቁምና እናያለን። እዚህ አገር ዘራፊ ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ቅኔ ይዘርፋል፣ ከራሱ አፍልቆ ይቀኛል ማለት ነው። ይሄ ልጅ ሁለተኛውን ብቻ ነው የተማረው።

«ክሰሰው» ብላችሁ እንደምትጽፉ አውቃለሁ። የቅጂ መብት አዋጁን አውቀዋለሁ፣ 410/1996። ሥዕል ሠዓሊው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ፎቶ 25 ዓመት። ስሜ የመጠራት መብትም አለኝ። ወረቀቱ ላይ ንጉሥ ነኝ። ግን ጠበቃው፣ ቀጠሮው፣ «ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው»… አንድ ቱቦ ነጭ ቀለም ለመግዛት ሁለት ሳምንት የማስብ ሰው ነኝ እኮ።

አምናስ? ታንኳዋን የሳልኋትን ካላንደር ላይ አገኘኋት። ጢሜን ልላጭ ገብቼ። ጥቅምት ላይ ተለጥፋለች። ካላንደሩን ገዛሁት። የራሴን ሥዕል፣ በ80 ብር! ያ ሙሽራስ? ድንኳኑን በነፃ ሣልልኝ፣ ስም ይወጣልሃል ያለው? ይኸው ወጣልኝ። ክር።

መብራት ደግሞ አሁን ጠፋ። ስልኬ 9 ፐርሰንት ነው።

ለካፌዋ ባለቤት ደወልሁላት። ሁሉንም ነገርኋት። ነገ ጠዋት መጥቼ ሥዕሌን አወርዳለሁ፣ እዚያ ማንም እያነሳ አይጫወትባትም አልሁ። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ውይ፣ ግድግዳው ባዶ ሊሆን ነው» አለች። «እስኪ ያን ፎቶ የት እንደሚሸጡት ንገረኝማ።»