የውሃ ቀበቶ ስትገዙ ሞልታችሁ፣ ታጥቃችሁ ዝለሉ

ጠዋት በሰንዳፋ አስፋልት ላይ ሁለት ዓይነት ሯጭ ታያላችሁ። አንደኛው እጁ ባዶ ነው። አሰልጣኙ በመኪና እየተከተለ ውሃ ያቀብለዋል። ሌላው እንደ እኔ ከሥራ በተረፈው ሰዓት የሚሮጠው ነው። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ በአንድ እጁ ጨብጦ ይሮጣል።

እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ሮጫለሁ። ግማሽ ሊትር ማለት ግማሽ ኪሎ ነው። ከ15 ኪሎ ሜትር በኋላ አንደኛው ትከሻዬ ይደነድናል፣ የእጄ ውዝዋዜም ይዛባል። የውሃ ቀበቶ፣ ማለትም ኮዳ የሚያዝበት ወገብ ላይ የሚታጠቅ ቀበቶ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሯጭ ቅንጦት አይደለም። ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር አያስፈልግም፤ ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ልምምድ ግን ያስፈልጋል።

ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚገባው ትልቅ ኮዳ ጀርባው ላይ ያለው ቀበቶ ነው። እባካችሁ እሱን ተዉት። ውሃው ጎደል ሲል ኮዳው ውስጥ ይናጣል፤ በየእርምጃው ወገብ ይመታል። ሁለት ባለ 250 ሚሊ ሊትር ኮዳዎች ግራና ቀኝ ቢሆኑ ክብደቱ ያው ነው፣ ግን ይከፋፈላል። ከአንዱም ከሌላውም እያፈራረቃችሁ ጠጡ።

ባዶውን ለክታችሁ አትግዙ። ኮዳዎቹን ሙሏቸው፣ ታጠቁና እዚያው ዝለሉ። ከተቻለ ደጅ ወጥታችሁ ሃምሳ ሜትር ሩጡ። ሻጩ ደስ ባይለውም ገንዘቡ የእናንተ ነው። ቀበቶው ዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት። ሆድ ላይ ከወጣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በተለይ እንጦጦ ዳገት ላይ። ላስቲኩ በላብ ስለሚላላ እየሮጣችሁ ልታጠብቁት የምትችሉት ዘለበት ያለውን ምረጡ።

«ግማሽ ሊትር አይበቃም» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ለአዳማ ሙቀት እውነታቸውን ነው። ለአዲስ አበባ ጠዋት ግን አብዛኞቻችን ከሚያስፈልገን በላይ እንሸከማለን። ደግሞ ውሃ ሲበዛም ይጎዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 የቦስተን ማራቶንን የጨረሱ 488 ሯጮች ደም ተመርምሮ ነበር። 13 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሶዲየም፣ ማለትም ውሃ ሲበዛ ደም ውስጥ የሚቀጥነው የጨው ንጥረ ነገር፣ መጠን ከጤናማው በታች ተገኘ። በሩጫው ወቅት ክብደት የጨመሩት ይበልጥ ተጋላጭ ነበሩ፤ ከላባቸው በላይ ጠጥተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ሲጠማችሁ ጠጡ። የራሳችሁን ልክ ለማወቅ ከሩጫ በፊትና በኋላ ተመዘኑ። የቀነሳችሁት 1 ኪሎ ከ1 ሊትር ፈሳሽ ጋር ይቀራረባል፤ ያንን ሁሉ ግን እየሮጣችሁ መተካት የለባችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሶ ለምትይዙ፣ አፉ ሰፋ ያለ ኮዳ ፈልጉ። በጠባቡ ክዳን በሶ አይወርድም፣ ይደፍነዋል። ቤት እንደገባችሁም በሙቅ ውሃ እጠቡት። አንድ ሌሊት ካደረበት ሽታው ቶሎ አይለቅም።