ባችሌትን የሰደባችሁ ሁሉ እስቲ ቁጭ በሉና ስሙ

ወገኖቼ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው፣ ቅር የሚለው ይለፈኝ።

ጥቅምት 24 ቀን 2014 የተመድ የሰብአዊ መብቶች ቢሮና የራሳችን ኢሰመኮ ስለ ትግራይ ጦርነት አብረው ያጣሩትን ሪፖርት ያወጡ ቀን የሆነው ነገር ትዝ ይላችኋል? ሪፖርቱ ያለው ሁሉም ተዋጊ ወገን ጥሰት ፈጽሟል፣ አንዳንዱም የጦር ወንጀልና በሰብአዊነት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን ይችላል ነው። በቃ መግለጫውን የሰጠችው የዛን ጊዜዋ የተመድ ቢሮው ኃላፊ ሚሼል ባችሌት ላይ ዘመታችሁባት። አንዱ ካምፕ የጁንታ ተከፋይ አላት፣ ሌላው የመንግስት ገበና ሸፋኝ አላት፣ የማይካድራን ገጽ ስክሪንሾት አርጎ የለጠፈው አክሱምን አላየም፣ አክሱምን ሼር ያረገው ማይካድራን ዘሎ አለፈ። መናደዱስ ይሁን፣ ሰው የሞተበት ሰው ይናደዳል፣ ግን «ይቺ ነጭ ስለ እስርና ስለ ሬሳ ምን ታውቃለች» ምናምን እያላችሁ የምትጽፉት ምን የሚሉት ነው? ስሟን ጎግል ማረግ አቅቷችሁ ነው?

እሺ ምን እንደምታውቅ ልንገራችሁ።

አባቷ አልቤርቶ ባችሌት የቺሊ አየር ኃይል ብርጋዴር ጄኔራል ነበር። ፕሬዝዳንት አየንዴ የምግብ ስርጭቱን እንዲመራ ሾመው፣ ከዛ የጦር አዛዡ ፒኖሼ አየንዴን ገለበጠና መጣ። ቀኑ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 1973 ነው፣ በኛ መስከረም 1 ቀን 1966፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል በዋለው ቀን ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው። ጄኔራሉን ከሃዲ ብለው ያሰሩትና የገረፉት አብረውት ዩኒፎርም የለበሱ፣ ትላንት ሰላምታ ይሰጡት የነበሩ የአየር ኃይል ሰዎች ናቸው። ማርች 1974 ላይ እስር ቤት ውስጥ ልቡ ቀጥ አለ፣ ገና 50 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ጃንዋሪ 1975 ሚሼልንና እናቷን አይናቸውን አስረው ቪላ ግሪማልዲ ወደሚባለው ማሰቃያ ወሰዷቸው፣ ልጅቷ 23 ዓመቷ፣ የህክምና ተማሪ። ከዛ ስደት ነው፣ መጀመሪያ አውስትራሊያ ቀጥሎ ምስራቅ ጀርመን። (በነገራችን ላይ እሷን ያስጠጋችው ምስራቅ ጀርመን የደርግን የደህንነት ሰዎች ያሰለጠነችዋ ራሷ ናት፣ ዓለም እንዲህ ናት እንግዲህ።) በ1979 ሀገሯ ገባች፣ ትምህርቷን ጨርሳ የህጻናት ሐኪም ሆነች፣ ወላጆቻቸው የተገረፉባቸውንና የደረሱበት የጠፋባቸውን ልጆች ታክም ነበር።

እዚህ ድረስ ያለውን ብዙ የኛ ሰው በራሱ ቤት ያውቀዋል። ቀጥሎ ያለውን ነው የማናውቀው።

አምባገነኑ ከወረደ በኋላ ይቺ ሴት ምን አረገች መሰላችሁ፣ ሄዳ ወታደራዊ ስትራቴጂ ተማረች! አባቷን ከበላው ጦር መኮንኖች ጋር አንድ ክፍል ተቀምጣ፣ በሀገሯ ከተማረች በኋላ ደግሞ ዋሽንግተን ሄዳ ሌላ የመከላከያ ኮሌጅ ገባች። ሲቪሉና ወታደሩ ዳግም እንዳይበላላ ከተፈለገ ወታደሩን የሚያውቅ ሲቪል ያስፈልጋል ብላ ነው። በ2000 ጤና ጥበቃ ሚኒስትር ስትሆን ፕሬዝዳንት ላጎስ በጤና ጣቢያዎች ያለውን ወረፋ በሶስት ወር አጥፊ አላት፣ አብዛኛውን አጠፋች፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልቻለችም፣ እና ሄዳ መልቀቂያዋን አቀረበች፣ እሱ ነው አልቀበልም ያላት። በ2002 መከላከያ ሚኒስትር ሆነች፣ በላቲን አሜሪካ የመጀመሪያዋ ሴት። ሴት፣ ሶሻሊስት፣ ከባሏ የተለያየች፣ ሃይማኖት የሌላት፣ ለቺሊ ጄኔራሎች የኃጢአት ዝርዝር ማለት ናት፣ እሷ ራሷ ትቀልድበት ነበር። በዛው ዓመት ዋና ከተማዋን ሳንቲያጎን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት ውሃ ላይ የሚሄድ የጦር ተሽከርካሪ ላይ ወጥታ ስራውን ስትመራ ህዝብ አያት፣ ከዛ በኋላ ማን ያቁማት፣ በ2006 ፕሬዝዳንት።

አሁን ሊፍቱን ልንገራችሁ። ቪላ ግሪማልዲን ይመሩ ከነበሩት አንዱ፣ ማርሴሎ ሞሬን ብሪቶ የሚባለው፣ ከዓመታት በኋላ እሷ የምትኖርበት አፓርትመንት ውስጥ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ፣ ሊፍት ውስጥ ይገጣጠሙ ነበር። አስቡት፣ በሩ ሲዘጋ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፣ አንደኛው ሰው እናታችሁ የታሰረችበትን ጉድጓድ ያዝ የነበረ ነው። እሷ ሰው አላከችበትም፣ ስልጣን ስትይዝም አሳድዳ አልበላችውም፣ ግን ደግሞ «ያለፈው አለፈ» ብላም አልሸፈነችውም፣ ፍርድ ቤት በስንት መዝገብ ፈረደበት፣ በ2015 እስረኛ ሆኖ ሞተ። አባቷን ካሰቃዩት ሁለት ጡረተኛ ኮሎኔሎችም በ2014 ተፈረደባቸው፣ ያገኙት የሁለትና የሶስት ዓመት ቅጣት ብቻ ነው፣ እሷ ያኔ ለሁለተኛ ጊዜ ፕሬዝዳንት ናት። ስልክ አንስታ ዳኛ ማዘዝ ትችል አልነበር? እኛ ሀገር ቢሆን ወይ ሰውየው አንድ ሌሊት ይጠፋል ወይ በድርድር ይቅር ተባብለናል ተብሎ መዝገቡ ይዘጋል፣ ሌላ ሶስተኛ መንገድ አታውቁም እናንተ!

የማቴይን ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። ጄኔራል ፌርናንዶ ማቴይ የአባቷ ጓደኛ ነበር፣ ልጆቻቸው በጦር ሰፈር ጎረቤት ሆነው አድገዋል። ከመፈንቅለ መንግስቱ በኋላ ባችሌት የተሰቃየበት አካዳሚ አዛዥ ተብሎ የተመደበው እሱ ነው፣ ኋላም ከፒኖሼ ጋር ቺሊን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ ጁንታ ውስጥ ገባ። ፍርድ ቤት በባችሌት ሞት አልከሰሰውም። እና በ2013 ምርጫ ለፕሬዝዳንትነት የተፋጠጡት ማን ናቸው፣ የሁለቱ ልጆች፣ ሚሼልና ኤቭሊን! ሚሼል 62 በመቶ አግኝታ አሸነፈች፣ ኤቭሊንም ሽንፈቷን ተቀብላ ቤቷ ገባች። እኛ ጋ ግን የአባት እዳ ለልጅ ብቻ ሳይሆን ለአጎት ልጅ፣ ለመንደሩ፣ ለቋንቋው ሁሉ ነው የሚተርፈው፣ ኮመንት ላይ «የእገሌ ዘር» ብላችሁ የ20 ዓመት ልጅ የምታዋርዱ ሰዎች እናንተን ነው የምለው።

መልአክ አርጋችሁ ፖስተሯን እንድትሰቅሉም አይደለም። ሳንቲያጎ አዲስ የአውቶቡስ ስርዓት በ2007 ሲጀመር ህዝቡ ፌርማታ ላይ ቀረ፣ የወቀሳው ዋና ተሸካሚ እሷ ናት። የቺሊ ነባር ህዝብ የሆነው ማፑቼ መሬት ሲጠይቅ ከፒኖሼ ዘመን የቀረውን የፀረ ሽብር ህግ የሷም መንግስት ተጠቅሞበታል፣ ይሄ ለኔ ትልቁ ነውሯ ነው። በ2015 ደግሞ የልጇ ሚስት ኩባንያ የወሰደው የሚሊዮኖች ብድር ጉድ ሆኖ ወጣ፣ ልጇ ቤተ መንግስት የነበረውን ቦታ ለቀቀ፣ እሷም ቀድሞ የነበራት የህዝብ ፍቅር ተመልሶላት አያውቅም። የተመድ ኃላፊ ሆና ቻይና ሄዳ ስትመለስ ለሰለሰች ተባለች፣ ቻይና ዢንጂያንግ ውስጥ በኡይጉር ሙስሊሞች ላይ ስለምትፈጽመው ጥሰት የሚናገረውን ሪፖርቷን ያወጣችው ኦገስት 31 2022 ሌሊት፣ የስራ ዘመኗ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። ይሄን ይሄን አንስታችሁ ብትወቅሷት ማን ይቃወማችኋል፣ እናንተ ግን የወቀሳችኋት የናንተን ብቻ ሳይሆን የዛኛውንም ሟች ስለቆጠረች ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ጃንዋሪ 2010 የመጀመሪያ ዘመኗ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሳንቲያጎ ላይ የፒኖሼን ዘመን ሰለባዎች የሚዘክር ትልቅ ሙዚየም መርቃ ከፈተች፣ በማርች ስልጣኑን ከተቃራኒው ወገን ለተመረጠው ለፒኜራ አስረከበች። በዛው ዓመት እኛም መስቀል አደባባይ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ከፈትን፣ የሟቾች ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ፣ አጽማቸውም በመስታወት ውስጥ አለ። አዲስ አበባ ተወልዳችሁ አድጋችሁ በሩ ላይ በታክሲ ስታልፉ የኖራችሁ፣ ስንታችሁ ናችሁ ገብታችሁ ያያችሁት?