ቦርከናን ዘይት አትቀቡት

ያገሬ ሰው፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ ነው የመጣሁት። ጨቅጫቃ በሉኝ፣ ግድ የለም።

ባለፈው ክረምት ደሴ አንድ ጋራዥ ቁጭ ብዬ መኪናዬን አሠራለሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ዝናቡ ሊወርድ ነው። ረዳቱ፣ ዕድሜው ቢበዛ አሥራ ስድስት የሚሆን ልጅ፣ የተቃጠለውን ዘይት ከሞተሩ ሥር በሳፋ ተቀበለ። ጥቁር ነው፣ ገና ይተናል። ሳፋውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ሄደ። የት ሊያደርሰው ይሆን ብዬ በዓይኔ ተከተልኩት። ቦዩ አፍ ላይ ደረሰና ደፋው። ከዚያ እጁን በቤንዚን ታጠበ፤ ቤንዚኑንም እዚያው አፈሰሰው። እያየሁት መሆኑን ሲያውቅ ፈገግ አለና "አሁን ዝናብ ይመጣል፣ ይወስደዋል" አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። ዘይቱ የኔ መኪና ዘይት ነው። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ስለዚህ ተግሳጹ ከራሴ ይጀምራል።

ዝናቡ ግን ወዴት ነው የሚወስደው? ይቺን ማንም ደሴ ያደገ ልጅ ያውቃታል። ጎርፋችን ቦርከና ወንዝ ይገባል። ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ፣ ወደ ከሚሴ ወርዶ፣ ጨፋ ላይ ይተኛል። ጨፋ ደግሞ በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት ተሰብስቦ የሚግጥበት ረግረግ ነው። ከዚያ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር አይደርስ፤ አፋር ምድር ላይ ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። እኛ ቦይ ውስጥ የደፋነው ካገር አይወጣም ማለት ነው። ወይ ታች ያለው ወንድማችን ከብት ይጠጣዋል፣ ወይ በመስኖ ሽንኩርት አድርጎ ገበያችን ድረስ ይመጣል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የአንድ ሚኒባስ ሞተር አምስት ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። በቀን አራት መኪና ዘይት የሚቀይር ጋራዥ በ25 የሥራ ቀን 500 ሊትር ያወጣል። ሁለት በርሜል ተኩል መሆኑ ነው፣ ያውም ከአንድ ጋራዥ በአንድ ወር። አንድ ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ አንድ ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊያበላሽ እንደሚችል ይነገራል። ዘይቱ ሞተር ውስጥ ሲሠራ ከርሞ የብረት ብናኝና ካንሰር የሚያመጣ ነገር ይዞ ነው የሚወጣው። እኛ ግን ምስጥ ይከላከላል ብለን የአጥር እንጨት እንቀባበታለን፣ አቧራ ያስቀራል ብለን ግቢ እንረጨዋለን፣ አንዳንዱም እከክ የያዘው ከብት ጀርባ ላይ ያፈስሰዋል። ወላሂ፣ ለጠላት የማይደረግ ነገር ነው።

የባትሪው ነገር ይብሳል። የሞተ ባትሪ ሸጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሸጫለሁ። ቁራሌው መጣ፣ ሚዛኑን አወጣ። ከመመዘኑ በፊት ግን ባትሪውን ዘቅዝቆ "ውሃውን" ደፋው፤ ለውሃ ክብደት ገንዘብ ላለመክፈል። ውሃ የሚለው አሲድ ነው። ሲሚንቶው ላይ ሲፈስ አረፋ ደፈቀ። ልጆች ሊያዩ ከበቡት። አረፋው ነው የማረካቸው። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ ብይ ይጫወቱ ነበር።

አሲዱ ደግሞ ብቻውን አይፈስም። ከባትሪው ክብደት ከግማሽ በላዩ እርሳስ የሚባለው ብረት ነው፣ አሲዱም እሱን አዝሎ ይወጣል። እርሳስ ለልጅ አእምሮ ትንሹም አደጋ ነው፤ ይህን ያህል ብቻ ከሆነ አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም። ደግሞ አያስጮህም፣ አያስመልስም፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ልጁ ትምህርት አልገባው ሲል ሰነፍ ነው እንላለን።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ "እኛ ትንሽ ሠራተኞች ነን፣ ሕጉ ለፋብሪካ ነው" ትላላችሁ። አይደለም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አደገኛ ቆሻሻን ያለ ፈቃድ ማከማቸትም፣ ማጓጓዝም፣ ማስወገድም ከልክሏል። በኋላ የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 መጥቶ ነገሩን ለብቻው አውጥቶ ደነገገው። ሁለቱም ንግድ ፈቃዳችሁ ሺህ ብር ነው ሚሊዮን ብር ብለው አይጠይቁም። ያበከለ ያጸዳል፣ ወይ የማጽጃውን ይከፍላል። ለቁራሌው ሰጠሁት፣ ከእጄ ወጣ ማለትም አያዋጣም። ፈቃድ ለሌለው ሰው የሰጣችሁት ቆሻሻ አሁንም የእናንተ ነው።

"ታዲያ የት እንውሰደው?" ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ አልቀልድበትም። ጋራዥ ለከፈተ ሰው ሁሉ መንግሥት በር ላይ መኪና አያቆምም። ግን ከመድፋት በፊት ብዙ ነገር አለ። ክዳን ያለው በርሜል ይኑራችሁ። ላዩ ላይ በትልቁ "የተቃጠለ ዘይት" ብላችሁ ጻፉ፤ አንዱ የምግብ ዘይት መስሎት ጉድ እንዳይሠራችሁ። ጣሪያ ሥር፣ የማያሰርግ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ። ዙሪያውን ዝቅ ያለ ግንብ አስገንቡለት፤ በርሜሉ ቢቀደድ ዘይቱ እዚያው ይቀራል እንጂ ቦይ አይገባም። መሬት ላይ የፈሰሰውን በውሃ አትግፉት፣ ሰጋቱራ በትኑበት። ሰጋቱራውም ዘይት ከጠጣ በኋላ ራሱ አደገኛ ቆሻሻ ነው፣ ከተራው ጥራጊ ጋር እንዳታቃጥሉት።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አትቀላቅሉ! ንጹሕ የተቃጠለ ዘይት ፈላጊ አለው። ተጣርቶ እንደገና ይሠራል፣ እንደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ባለ ኃይለኛ ምድጃ ውስጥ ማገዶ ይሆናል። ቤንዚን፣ ውሃና የቀለም ትርፍ የገባበት ዘይት ግን ማንም አይቀበላችሁም። ባትሪም እንዲሁ፣ አሲዱ በውስጡ እንዳለ፣ ሳይዘቀዘቅ ነው ለሚገባው ሰው የሚሰጠው። ስትሰጡ ስንት ሊትር፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ደብተር ላይ አስፍሩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ማን ፈቃድ እንዳለው ካላወቃችሁ የከተማው አካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ። ቅጣት ሊጽፍብን ነው ብላችሁ አትሽሹት፤ ቀድሞ የጠየቀ ሰው አይደለም የሚቀጣው።

ወጪው ከበዳችሁ? እኛ እኮ ወሎዬዎች ነን። ለቀብር ቅሬ የምንለው ዕድር አለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንዱ የሌላውን ድንኳን ይተክላል። ታዲያ በአንድ መንደር የተደረደሩ ስድስት ጋራዦች የጋራ ማከማቻ ሠርተው፣ ሲሞላ መኪና በጋራ መጥራት ያቅታቸዋል? የዘይት ቅሬ በሉት። ዳኛም ጸሐፊም አታጡለትም።

ለክሊኒክና ለፋርማሲ ባለቤቶች አጠር ላድርገው፣ እናንተ ተምራችሁበታል፣ ሰበብ የላችሁም። ሴፍቲ ቦክስ፣ ያገለገለ መርፌ መጣያው ሳጥን፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል፣ መርፌ እየጠቀጠቃችሁ አትጨምሩበት። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሽንት ቤት አይጣልም፤ ተለይቶ፣ ተመዝግቦ፣ የጤና ተቆጣጣሪው አውቆት ነው የሚወገደው። ቆሻሻ ክምር ላይ ፕላስቲክ የሚለቅሙ ልጆች ጫማ የላቸውም። ይቺን ብቻ አስቡ።

የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ደግሞ አሉ። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ጨምሮ ለስንቱ ልጃችን እንጀራ ሆናለች። እንዲዘጋ የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ግን የፍሳሽ ማጣሪያ አለኝ ማለት ብቻውን አይበቃም። ጎብኚ ሲመጣ ተነሥቶ ሌሊት ለመብራት ሒሳብ ሲባል የሚጠፋ ማጣሪያ ለፎቶ ነው የሚሆነው። ቆዳ የምታለፉም ክሮም የሚባለውን ኬሚካል እንደምትጠቀሙ ይታወቃል። ከውሃው ውስጥ ያወጣችሁት ክሮም የትም አልሄደም፣ ዝቃጩ ውስጥ ነው ያለው። ውሃውን አጥርቶ ዝቃጩን ገደል መድፋት የመርዙን መንገድ መቀየር ካልሆነ ምንም አይደለም። ክሮሙን መልሶ አውጥቶ ለሥራ ማዋል ይቻላል፤ ለኬሚካል የምትከፍሉትንም ይቀንስላችኋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። በዚያው በአዋጅ 300/1995 ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በበካይ ላይ አቤት ማለት ይችላል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጨፋ ላይ ከብት የሚያረባ ሰው ደሴ ያለ ጋራዥን ሊከስ ይችላል ማለት ነው። እኔንም፣ ዘይቴ ሲደፋ ያየሁትን ሰውዬ፣ በምስክርነት ይጥራኝ።

መኪናዬ ዘይት መቀየሪያዋ ደርሷል። የፊታችን ቅዳሜ እዚያው ጋራዥ ነኝ። ባዶ ጀሪካን ከነክዳኑ ይዣለሁ፤ ልጁንም በስሙ ጠርቼ፣ ሳፋውን አብረን እንይዛለን።