ከፈተናው የቀሩት

እዚህ ቨርጂኒያ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አሁን አሁን የማይጠፋ ወሬ አለ። ልጅን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ቤት ማስተማር። ሆምስኩሊንግ። ወሬው መቋጫው አንድ ነው፦ «ቤት የተማሩት በፈተና ሌሎቹን በብዙ ይበልጣሉ፤ በጥናት ተረጋግጧል።» ጥናት ከተባለ ደግሞ ክርክር የለም። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ወደ ቡናው ይመለሳል።

እኔ ግን ጥናቱ እንዴት ተሠራ ብዬ መጠየቅ አልተውኩም። ወሎ ተወልጄ፣ ከትምህርት ቤት በፊት የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ። ከትምህርት ቤት ውጭ ስለመማር ሲወራ ነገሩ ይቆረቁረኛል።

ብዙ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የተመራማሪው ሎረንስ ሩድነር ነው። ከ20,000 በላይ ቤት የሚማሩ ልጆች ተፈትነው ውጤታቸው ከአገሪቱ አማካይ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ያስደነግጣል። ግን ልጆቹ ከየት መጡ? የአንድ ክርስቲያናዊ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ለሚሰጠው ፈተና ከፍለው ከተመዘገቡ፣ ከዚያም በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ከሆኑ ቤተሰቦች ነው። ከመቶው 94ቱ ነጮች ነበሩ። ሁሉም ማለት ይቻላል እናትና አባት በትዳር አብረው የሚኖሩባቸው ቤቶች ናቸው። የጥናቱን ወጪ የሸፈነውም ለቤት ትምህርት መብት የሚሟገት ድርጅት ነው። ሩድነር ራሱ ጥናቱ ቤት መማር ከትምህርት ቤት እንደሚበልጥ አያሳይም ብሎ አስጠንቅቋል። እኛ ዘንድ የደረሰው ቁጥሩ ብቻ ነው። ማስጠንቀቂያው መንገድ ላይ ቀረ።

ይህን ሳነብ አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ትዝ አለችኝ። ማታ ማታ አረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ልጇ ትምህርት ቤት እየተሰደበ ሲያስቸግራት ቤት ላስተምረው ብላ አማከረችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ለወረዳው የትምህርት ኃላፊ የሚላከው የማሳወቂያ ቅጽ ተዘርግቷል። አጠገቡ ግማሹ የተሠራ የሒሳብ ደብተር፣ ከሥሩ የሥራ ፈረቃዋ ሰሌዳ። የቨርጂኒያ ሕግ እስከ ኦገስት 15 አሳውቂ፣ በዓመቱ ደግሞ ልጁ መማሩን በፈተና ወይም በግምገማ አሳዪ ይላል። «ጋሼ፣ ጥናቱ ጥሩ ነው አይደል የሚለው?» አለችኝ። ጥናቱ ውስጥ እሷን የምትመስል እናት ስንት አለች? ብቻዋን የምታሳድግ፣ ሌሊት ሠርታ ጠዋት የምታስተምር? በጣም ጥቂት። ቁጥሩ ስለ እሷ ልጅ የሚነግረን ነገር የለም።

ሌሎች ግዛቶች ዘንድ ችግሩ ይብሳል። ቴክሳስ ውስጥ ልጄን ቤት አስተምራለሁ ብሎ ለግዛቱ ማሳወቅ ግዴታ አይደለም። የማይመዘገብን ልጅ ማን ይቆጥረዋል? የፌዴራል መንግሥቱ በዘፈቀደ የተመረጡ ቤቶችን እየጠየቀ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተገመተው 850,000 ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 1.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከልጅ ትምህርት የመንግሥት እጅ ይነሳ ብሎ የሚያምን ወላጅ ደግሞ የመንግሥት መጠይቅ ሲመጣለት የመመለስ ፍላጎቱ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ልቤን የሞላው እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ትንሽ የካናዳ ጥናት ነው። ሳንድራ ማርቲን-ቻንግና ባልደረቦቿ 37 ቤት የሚማሩና 37 ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ወሰዱ። የወላጅን ወሬ አልተቀበሉም፤ ራሳቸው ፈተኑ። የእናት ትምህርትንና የቤተሰብ ገቢን ከግምት አስገቡ። በሥርዓት፣ በተዘጋጀ ትምህርት የሚማሩት ልጆች በልጠው ተገኙ። ያለ ሥርዓት «ልጁ በራሱ ይማራል» ተብለው የተተዉት 12 ልጆች ግን ከሁሉም ዝቅ አሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ እነሱም ፈቃደኞች ናቸው። ቢሆንም «ቤት መማር» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ ያሳያል። የምርምሩን ክምር አገላብጠው የገመገሙት ሮበርት ኩንዝማንና ሚልተን ጌይዘርም ወደዚሁ ያዘነብላሉ፦ ንባብ ላይ ጥቂት ብልጫ፣ ሒሳብ ላይ ድክመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የወላጁ ማንነት።

አሁን ወደ አገሬ ልምጣ።

ወሎ ከትምህርት ቤት ውጭ መማርን ከማንም አልተማረም። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የታወቀ የትምህርት ማዕከል ነበር። ዋድላ በቅኔ ስሙ የተጠራ ነው። በዚያው አገር ዳና፣ ጌታና ጀማ ንጉሥ ደረሳ የሚባለው የቁርኣንና የኪታብ ተማሪ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍባቸው የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ናቸው። ታሪካቸውን ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በደንብ አጥንተውታል።

ምዘናውም የዋዛ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር ውሎ የኔታ ፊት ይቀርባል። የኔታ አንዷን ቃል ይዘው ያቆሙታል፤ ያቀኑለታል ወይም ይመልሱታል። በየቀኑ። ደረሳውም ሉሁ፣ ማለት የእንጨት ሰሌዳው ላይ የጻፈውን በቃሉ ካልወጣ ሉሁ አይታጠብለትም፤ ሲወጣው በውኃ ይታጠብና አዲሱ ይጻፋል። የቨርጂኒያው ልጅ በዓመት አንዴ የሚያሳየውን ማስረጃ የእኛ ልጅ በየዕለቱ ያሳያል። በዚህ እኮራለሁ።

ግን እኛም የሩድነርን ነገር እንሠራለን። የምናወራው ስለ ደረሱት ነው። መምህር ስለሆኑት፣ ሸኽ ስለሆኑት። እገሌ ከቆሎ ተማሪነት ተነስቶ ፕሮፌሰር ሆነ እንላለን። ረሃብ የመለሰው፣ ውሻ የነከሰው፣ በሽታ የጣለው፣ ሴት ስለሆነች ጭራሽ ያልተላከችው ወሬያችን ውስጥ የሉም።

አብሮ አደጌ ከእነዚህ አንዱ ነው። ልጅ ሆኖ ዋድላ ወረደ። ዓመታት ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ ታሞ ተመለሰ። አሁን ደሴ ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ስሄድ ፒያሳ ተራ እየጠበቀ አገኘሁት። መሪውን ተደግፎ ስለ መንገዱ አቧራ አንድ ጉባኤ ቃና ዘረፈ። ሁለት ስንኝ። ሰምና ወርቁን ሲፈታልኝ ከኋላ ያሉት ጥሩንባ ይነፉ ነበር። «እኔኮ ያልተማርኩ ነኝ» አለኝ። ምን ልበለው? «አብሽር» አልኩት።

እውነት ነው፣ በመዝገብ ያልተማረ ነው። የአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠያቂ ቤቱ ቢመጣ «ትምህርት ቤት ገብተህ ታውቃለህ?» ይለዋል። አልገባሁም ሲል «ትምህርት የሌለው» የሚለው ረድፍ ውስጥ ይገባል። ጥናቱ ግን አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ ትምህርት ቤት ያልገባንም ሰው ዓረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ሰጥቶ ያስነብበዋል። ወዳጄ ካርዱን እንደ ውኃ ይወጣዋል። ስለዚህ አንዱ ሠንጠረዥ ያልተማረ፣ ሌላው ማንበብ የሚችል ይለዋል። አማርኛን በዓረብኛ ፊደል፣ በዓጀም የሚጽፈው ደረሳስ? የተዘረጋለት ካርድ በግዕዝ ፊደል ከሆነ እሱ ሁለቱም ጋ ተረስቷል።

በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጆች ቤት ቀሩ። እህቴ የልጆቿን ደብተር እያገላበጠች በሻማ አስተምራለች። ቤት ማስተማር ነው፣ ግን ማንም የመረጠው አይደለም፤ እዚህ ወላጅ ፈልጎ ከሚያደርገው ጋር በአንድ ስም መጥራቱ ይከብደኛል። ያኔ ከትምህርት ወጥተው ያልተመለሱት የት እንዳሉ ማወቅ ግን አለብን።

ለኮምቦልቻዋ ልጅ የነገርኳት ይህንኑ ነው። ሌላው ልጅ ስንት አመጣ የሚለውን ተይው፤ በሳምንት ስንት ሰዓት አብረሽው መቀመጥ እንደምትችዪ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚይዝለት ቁጠሪ አልኳት። ቅጹን ገና አልላከችም።

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ወጣት ተመራማሪዎችም የምለው አለኝ። ገዳሙን፣ ቅኔ ቤቱን፣ ደረሳ የሚማርበትን ሀሪማ ስታጠኑ መምህራኑን ብቻ አትጠይቁ። ዘንድሮ የገባውን እያንዳንዱን ልጅ መዝግቡ፦ ስሙን፣ የመጣበትን ወረዳ፣ ማንበብ መቻሉን። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁሉንም ፈልጉ፤ ዓረብ አገር የሄደውንም፣ እርሻ የገባውንም፣ ባጃጅ የሚነዳውንም። መዝገቡም ላይ ልጁ ለምን እንደወጣ የሚጻፍበት ሰፊ ቦታ ይኑር፤ እሱን ደግሞ መምህሩ ሳይሆን ልጁ ራሱ ይሙላው።